የአንድ ስንዝር ከፍታ

ከድሬ ስንነሳ፣ ገና በጠዋቱ፣
አሸዋውን ለብሶ ተኝቷል ደቻቱ፤
ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣
ደንገጎ ስንደርስ፣ ቀያሹ ወንድይፍራው
ጃኬት ደረበ ጥርሱን አንቀጫቅጮ።

ሰዓት አልሞላንም።
በዚህ አገር ወቅት በወር አይቆጠርም፤
በመጠምዘዣ ነው።
ታች ግመል ያያችሁበት በጋ
ጥቂት ኩርባ ሽቅብ የሰው አፍ ያጨሳል፣
ጫት የጫነው አይሱዙ እንደ እብድ ሲወርድ
ዳር ይዞ መጸለይ ነው።

እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ።
ቀይና ነጭ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ ቁመቴን እጥፍ የሚሆን እንጨት
ከደንጊያ ደንጊያ ተሸክሜ እሄዳለሁ።
«ቀጥ አድርግ!» ሲለኝ ቀጥ አደርጋለሁ።
እሱ በመነጽሩ ቁጥር ያያል፤
እኔ ከዘንጉ ኋላ ሰው አያለሁ።

ገንደ ጉባ ከላይ፣ ገንደ ጀላ ከታች፣
መሃላቸው አንዲት የቁልቋል አጥር አለች።
የላዮቹ፣ «እኛ ነን» ይሉ ነበር፣ «ጎርፍ የማያውቀን፣
ወባ የማይደርሰን፣ የታች ሰው አንገቱን ቀና አርጎ የሚያየን።»
ልጅም አይሰጧቸው። ኦቦ ሙሜ እንደሚሉት፣
«ሙሽራ ቁልቁል ካወረድካት
ተመልሳ የምትወጣው አርጅታ ነው።»

ውሃ ሊገባ ነው ተባለ።
ከምንጩ ሥር ጋን ተገነባ፤ ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው፣
ውሃው በገዛ እግሩ ነው የሚሄደው፣
እግሩ ደግሞ ዳገት አያውቅም።
ከጋኑ በታች ያለ ይጠጣል፣ በላይ ያለ ያያል።

ያን ቀን ነው እንግዲህ ተራራው የወረደ።
ኦቦ ሙሜ ከዘራቸውን ተክለው፣
«እኛ እኮ» አሉ፣ «ዝቅ ያልን ነን፤
አባቶቻችን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሰፈሩ።
ጻፍ፣ ልጄ፣ ጻፍ።»
የታቾቹ ከአጥሩ ወዲያ ሰምተው
ሳቃቸውን በሽርጥ ጫፍ አፈኑት።

የኢፍቱ ደጃፍ ላይ ዘንጌን አቆምኩ።
ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ የአንዱ እጀታ በሽቦ የታሰረ፤
ገመዱ ትከሻዋ ላይ የሠራው መንገድ
በልብሷ ላይ እንኳ ይታያል።
ቦኖው የሚቆመው እዚሁ እሷ ደጅ ነው፤
ወንድይፍራው ለራሱ ሲያሰላ ሰምቼዋለሁ፣
ከጋኑ ከንፈር በአንዲት ስንዝር ይበልጣል።
ባሏ ከሞተ ወዲህ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤
«ያ እንጨት» አለች፣ «ትንሽ አይሰምጥም?»

አፈሩን በተረከዜ ነካሁት። ዶሮ የጫረው፣ ልል።
ዘንጉን እንደ ዘነዘና ወዘወዝኩት፤
ገባ።
«ቀጥ አድርግ!»
«ቀጥ ነው!» አልኩ።
ቀጥስ ነበር።
ጻፈ።

ቧንቧ ተቀበረ፣ ሪባን ተቆረጠ፣
ታች ጀሪካን ሞልቶ መሬት አረጠበ፤
ላይ ቦኖው ሲከፈት
አፏጨ። ነፋስ።
ወንድይፍራው መዝገቡን ገለጠ፣ ደመረ፣ ቀነሰ፣
«ቁጥሩ ልክ ነው» አለ፤ ቁጥሩም አለ ዝም።
ቁጥሩን ነው ያታለልኩት፣ ውሃው አልሰማኝም።

ከሁለት ክረምት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ።
ኢፍቱ አልተቆጣችም። «ትመጣለች» አለችኝ፣
«ነሐሴ ላይ፣ ጋኑ አፉ ድረስ ሲሞላ፣
እኛ ከቆርቆሮ ጠፈጠፍ ስንቀዳ፤
ሽንት እንደ ቸገረው ሽማግሌ
ጠብ፣ ጠብ።»
«በሌላውስ ወር?»
«ቁልቁል ነዋ። ልጄን ውሃ ቅጂ ብዬ ብልካት
እዚያው አግብታ ቀረች።»
«ኦቦ ሙሜስ?»
«ወርደው መረቁ፤ ደግሞም በሉ።»

ዘንጌ የሰመጠበትን ቀዳዳ አስፍታዋለች።
የሌሊቱ ዝናብ ሞልቶታል፤
አንዲት ዶሮ አንገቷን ትደፋለች፣ ትጎነጫለች፣
ከዚያ ቀና ብላ
ደንገጎን ታያለች።